የመኪናን የፊት መብራት በአነስተኛ ወጪ ለማሻሻል የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

የፊት መብራቱ የደከመበት አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ደማቅ አምፖል ስለ መግዛት ነው። ነገር ግን መንገዱ ላይ ማረፍ የነበረበት ብርሃን የሚባክነው በአብዛኛው በአምፖሉ ድክመት ሳይሆን በሌሎች ሦስት ምክንያቶች ነው፤ እነዚህም ወደ አምፖሉ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ማነስ፣ የመብራቱ የፊት ሽፋን መደብዘዝና የጨረሩ አቅጣጫ መዛባት ናቸው። እነዚህ ሳይስተካከሉ ውድ አምፖል መግዛት በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል። ስለዚህ ሥራውን ምንም ወጪ ከማይጠይቀው ምርመራ ጀምረን፣ ጥቂት ወደሚያስወጣው ጥገና አልፈን፣ አምፖል መግዛቱን ወደ መጨረሻው እንገፋዋለን። መመሪያው የሚመለከተው ሃሎጅን አምፖል የሚጠቀሙ መኪኖችን ነው፤ ከፋብሪካ በኤልኢዲ ወይም በዜነን የተሠሩ መብራቶች አሠራራቸው ስለሚለይ እዚህ አልተካተቱም።

አምፖሉን መለየት

የአምፖሉ ዓይነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በራሱ በአምፖሉ የብረት መቀመጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በብዛት የሚያጋጥሙት ኤች4፣ ኤች7፣ ኤች11፣ ኤችቢ3 እና ኤችቢ4 ናቸው። ኤች4 በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር (ግሎ የሚያበራ ቀጭን ሽቦ) ይዟል፤ አንዱ ለረጅም መብራት 60 ዋት፣ ሌላው ለአጭር መብራት 55 ዋት ይወስዳል። ኤች7 ግን ባለ አንድ ክር በመሆኑ ረጅሙና አጭሩ መብራት ለየብቻቸው አምፖል ያስፈልጋቸዋል። በ13.2 ቮልት ሲለኩ ኤች4 በአጭር መብራት 1000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ)፣ በረጅም መብራት 1650 ሉመን ገደማ፣ ኤች7 ደግሞ 1500 ሉመን ገደማ እንዲሰጡ ደረጃ ወጥቶላቸዋል። ኤች4 የተገጠመለት መኪና አጭር መብራት ከኤች7ቱ ደከም ብሎ መታየቱ እንግዲህ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም።

አንድ የኤች4 አምፖል እጅዎ ከገባ ቀረብ አድርገው ይመልከቱት። ከአጭር መብራቱ ክር ሥር ማንኪያ የመሰለች ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። የጋሻዋ ሥራ ከክሩ ወደ ታች የሚወጣውን ብርሃን መከልከል ነው፤ ያ ብርሃን የአንፀባራቂውን (በመብራቱ ቤት ውስጥ ያለውን መስታወት መሰል ንጣፍ) የታችኛ ክፍል ቢያገኝ ኖሮ ወደ ላይ ተመልሶ ከፊት ለፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይመታ ነበር። ክሩ ራሱ ርዝመቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ መላው አንፀባራቂ የተቀረጸውም ይህች ትንሽ ክር በትክክል የት ላይ እንደምትቀመጥ ታስቦ ነው። ይህን ልብ ይበሉ፤ ስለ ኤልኢዲ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

ኤሌክትሪኩ አምፖሉ ጋ እየደረሰ ነው ወይ?

በእኔ እምነት ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው፣ ነገር ግን ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው። የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲቀንስ ብርሃኑ በብዙ ይቀንሳል። ቮልቴጁ በ5 በመቶ ቢጎድል ብርሃኑ 16 በመቶ ገደማ፣ በ10 በመቶ ቢጎድል ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ያረጀ ሽቦ፣ የዛገ ማያያዣ፣ የላላ የማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት) ብሎንና የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ቮልት ስለሚበሉ ድምራቸው ሳይታወቅ ትልቅ ይሆናል።

ለመለካት ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። መኪናውን ገላጣ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ማርሹን ነፃ ያድርጉና የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። ሞተሩን አስነሥተው አጭሩን መብራት ያብሩ። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው በመጀመሪያ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይለኩ፤ ዲናሞው ጤነኛ ከሆነ ንባቡ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይሆናል። ቀጥሎም ሶኬቱ ከአምፖሉ ሳይነቀል፣ የቴስተሩን ቀጫጭን ጫፎች በሶኬቱ ጀርባ በኩል ከሽቦው ጎን አስገብተው አምፖሉ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ያንብቡ። ሶኬቱን ነቅለው ከለኩት ውጤቱ ያታልልዎታል፤ ኤሌክትሪክ በማይፈስበት ሽቦ ላይ የቮልቴጅ መውረድ አይታይምና የዛገው መሥመር እንኳ ጤነኛ መስሎ ይታያል። እጅዎን፣ የልብስዎን እጅጌና የቴስተሩን ገመድ ከሚዞረው ቺንጋና ከማቀዝቀዣው ፋን አርቀው ይያዙ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት፣ አምፖሉ ላይ ግን 12.6 ቮልት ቢያነቡ፣ በመሥመሩ 1.6 ቮልት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ይህም አምፖሉ ሊሰጥ ከሚችለው ብርሃን አንድ ሦስተኛውን ያህል ያሳጣዋል። ማንኛውም ውድ አምፖል ይህን ጉድለት አይተካም። ልዩነቱ ከ0.5 ቮልት በታች ከሆነ መሥመሩን አይንኩት፤ ወደ 1 ቮልት ከተጠጋ ወይም ካለፈ ግን መጠገኑ ያዋጣል።

ጉድለቱ ያለበትን ወገን ለመለየት የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ ኔጌቲቭ ሽቦ ላይ ያድርጉ። መብራቱ በርቶ እያለ እዚህ ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ደካማ ነው። ሞተሩን ያጥፉ፤ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ብሎን ፈትተው ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፤ ከዚያም አጥብቀው አስረው ስስ ግራሶ ይቀቡት። የባትሪውን ሞርሴቶዎችም (የባትሪውን ጫፎች የሚይዙትን ማያያዣዎች) በዚያው ያጽዱ። ጥገናው ይህን ያህል ብቻ ሆኖ መብራቱ በግልጽ የሚደምቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የአምፖሉ ሶኬት ቡናማ ከሆነ፣ ከቀለጠ ወይም ከላላ በአዲስ ይቀይሩት፤ ሙቀትን በተሻለ የሚችለው ሴራሚኩ ነው።

ማሳው ደህና ሆኖ ጉድለቱ በፖዘቲቩ መሥመር ከሆነ መፍትሔው ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ፣ ነው። በአሮጌ መኪኖች የመብራቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ በመሪው አጠገብ ባለችው ማብሪያ በኩል ዞሮ ስለሚሄድ መንገዱ ረጅም፣ ሽቦውም ቀጭን ነው። ሪሌ ሲገባ አሮጌው ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል፤ ዋናው ኃይል ግን ከባትሪው በአጭርና በወፍራም ሽቦ ይመጣል። አገናኙ እንዲህ ነው፦ የሪሌው 30 ቁጥር በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87 ቁጥር ከአምፖሎቹ፣ 86 ቁጥር ከአሮጌው የመብራት ሽቦ፣ 85 ቁጥር ደግሞ ከማሳ ይያያዛል። ለሁለት 55 ዋት አምፖሎች የሚያስፈልገው 8 አምፔር ገደማ ስለሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የ15 አምፔር ፊውዝ ይበቃሉ። ፊውዙ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ ይሁን፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ እሳት ከማስነሣት የሚያግደው ነገር የለምና በዚህ ጉዳይ ቸል ማለት አይገባም። ኤች4 የሚጠቀም መኪና ለረጅሙ አንድ፣ ለአጭሩ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ሪሌ ያስፈልገዋል፤ ለዚሁ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሙሉ የሽቦ ጥቅል መግዛት በራስ ከመገጣጠም ይቀላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። አንዳንድ መኪኖች መብራታቸውን የሚያበሩትና የሚያጠፉት በፖዘቲቩ ሳይሆን በኔጌቲቩ በኩል ስለሆነ ለእነርሱ የተሠራውን ጥቅል መምረጥ ያስፈልጋል። መብራታቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ሪሌ መጨመር የስሕተት መልእክት ወይም መርገብገብ ሊያስከትል ይችላል፤ በእነዚህ ላይ መሥመሩን መንካት የባለሙያ ሥራ ነው።

የደበዘዘውን ሽፋን ማጥራት

ሽፋኑ ብርጭቆ ከሆነ በሳሙና ማጠብ በቂ ነው። ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ከሆነ ግን በላዩ ላይ ያለው መከላከያ በፀሐይ ጨረር ተበልቶ ስለሚያልቅ ከጊዜ በኋላ ቢጫና ጭጋጋማ ይሆናል፤ ብርሃኑን ከመቀነሱም ሌላ የቀረውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል።

መብራቱን በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ በዙሪያው ያለውን የመኪና ቀለም በወረቀት ፕላስተር በሁለት ድርብ ይሸፍኑ። ከዚያ 1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ ውስጥ ነክረው፣ ሽፋኑንም እያራሱ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በእኩል ግፊት ይሹት። መጀመሪያ ላይ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ይሆናል፤ ነጭ ሆኖ መውረድ ሲጀምር የተበላው ንጣፍ ተነሥቷል ማለት ነው። በመቀጠል 1500፣ 2000 እና 3000 ቁጥርን በተከታታይ ይጠቀሙ፤ በእያንዳንዱ ቅያሬ የማሻሻውን አቅጣጫ ወደ ጎን ይለውጡ፤ የቀድሞው ወረቀት ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስም ወደሚቀጥለው አይለፉ። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ በ1000ው የቀረ ጭረት ግን በ3000ው አይጠፋም። በመጨረሻ በፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ ይወልውሉት።

ሥራው እዚህ አያበቃም። ያ የተነሣው መከላከያ በአዲስ ካልተተካ ሽፋኑ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይቢጫል። ስለዚህ ሽፋኑን በአልኮል ጠርገው ካደረቁ በኋላ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ግልጽ ቀለም በስሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይንፉበት፤ በየመሐሉም ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በጥርስ ሳሙና ማሸት የሚባለው ዘዴ ለጊዜው ጥራት ይሰጣል እንጂ ይህን መከላከያ አይመልስም።

አንፀባራቂው ከውስጥ ከተላጠ ወይም ከጠቆረ ግን በማጽዳት አይድንም። የአሉሚኒየም ንጣፉ እጅግ ስስ ስለሆነ በጨርቅ ቢነካ እንኳ ይለቃል፤ እንዲህ ያለው መብራት እንዳለ መቀየር አለበት።

የትኛውን አምፖል መግዛት?

ማሸጊያዎች ላይ «እስከ 130 በመቶ»፣ «እስከ 150 በመቶ ተጨማሪ ብርሃን» የሚሉ ጽሑፎች ይታያሉ። ይህ ማለት አምፖሉ እጥፍ ብርሃን ያመነጫል ማለት አይደለም። የኤች7 ጠቅላላ ብርሃን ከ1500 ሉመን በ10 በመቶ ብቻ ከፍና ዝቅ እንዲል ስለሚፈቀድ ማንም ሕጋዊ አምራች ከዚያ ሊያልፍ አይችልም። ቁጥሩ የሚለካው በጨረሩ ውስጥ በተመረጡ ነጥቦች ላይ፣ ያውም ሕጉ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ጋር ተነጻጽሮ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ የነዚህ አምፖሎች ክር የታመቀና ይበልጥ የሚግል ስለሆነ ብርሃኑን ሰብሰብ አድርጎ ራቅ ወዳለው መንገድ ይልከዋል። የሚከፈለው ዋጋ ዕድሜ ነው፤ ክሩ በጋለ መጠን ቶሎ ይበጠሳል። በተቃራኒው «ረጅም ዕድሜ» የሚባሉት ቀዝቀዝ ብለው ስለሚሠሩ ብርሃናቸው ይቀንሳል።

ወጪ ለሚቆጥብ ሰው የምመክረው ከታወቀ አምራች፣ ለምሳሌ ከኦስራም ወይም ከፊሊፕስ፣ መደበኛ አምፖል ወይም መጠነኛ ጭማሪ ያለውን፣ ማለትም ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚለውን መግዛት ነው። ሌሊት አዘውትሮ ከከተማ ውጭ የሚነዳ ሰው ከፍተኛውን ቢመርጥ ምክንያት አለው፤ በየዕለቱ ቀንም ሌሊትም መብራት አብርቶ የሚነዳ ግን ቶሎ ቶሎ መግዛቱ ያሰለቸዋል። ሐሰተኛ ምርት ስለሚበዛ በአምፖሉ መቀመጫ ላይ በክብ ውስጥ ያለውን የእንግሊዝኛ «E» ፊደልና የአገር ቁጥር የያዘውን የማረጋገጫ ምልክት ይፈልጉ፤ ጽሑፉ የተንጋደደ ወይም በጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ይተዉት።

በሰማያዊ የተቀባ ብርጭቆ ያለውን አምፖል ለማየት ጥቅም ብለው አይግዙ። ቀለሙ ከክሩ የሚወጣውን ብርሃን ከፊሉን አጣርቶ ያስቀራል፤ ነጣ ብሎ ቢታይም መንገዱ ላይ የሚደርሰው ያነሰ ነው። 100 ዋት የሚወስዱ አምፖሎች ደግሞ ከ8 አምፔር በላይ ስለሚስቡ ለ55 ዋት የተሠራውን ሽቦና ሶኬት ያቀልጣሉ፣ አንፀባራቂውንም ያበላሻሉ፤ በብዙ አገሮች በመንገድ ላይ መጠቀማቸውም የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ኤልኢዲ እንመለስ። አንፀባራቂው የተቀረጸው ዙሪያውን እኩል ለምታበራ ቀጭን ክር ነው። ኤልኢዲው ግን በጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ ብርሃኑ የሚወጣበት ቦታና አቅጣጫ ይለያል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከመኪናው አፍንጫ ሥር የሚያብረቀርቅ ነጭ ብርሃን፣ ራቅ ያለው መንገድ ላይ ጨለማ፣ ፊት ለፊት ለሚመጣው ደግሞ ዓይን የሚወጋ ጨረር ነው። የቅርቡ ድምቀት የዓይንን ብሌን ስለሚያጠብ አሽከርካሪው የሩቁን ጭራሽ እያጣ ሳለ «ደምቋል» ብሎ ይረካል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። በጥንቃቄ ተሠርተው ሕጋዊ የሆኑም አሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የኦስራም የኤች7 ኤልኢዲ ለተወሰኑ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ፈቃድ አግኝቷል። ፈቃዱ በሞዴል መወሰኑ ራሱ እያንዳንዱ አንፀባራቂ ለብቻው መፈተን እንዳለበት ያሳያል። መኪናዎ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ሃሎጅኑን ይዘው ይቆዩ። በሃሎጅን ቤት ውስጥ የሚገባው የዜነን ጥቅልም ያው ችግር አለበት፤ ሲነሣ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ ደግሞ በራስ እጅ የሚነካካ ዕቃ አይደለም።

አምፖሉን መቀየር

ሞተሩንና መብራቱን አጥፍተው አምፖሎቹ እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ፤ ሃሎጅን ብርጭቆ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚግል ወዲያው ከተነካ ያቃጥላል። ሁለቱንም አምፖሎች አብረው ይቀይሩ፤ ነገር ግን አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ያልተነካው ወገን አቀማመጡን የሚያስታውስ ሞዴል ይሆንልዎታል።

ኮፈኑን ከፍተው ሶኬቱን ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን ይያዙ። ኤች4 ከሆነ በስተኋላ ያለውን የጎማ ሽፋን ይንቀሉ። አምፖሉን የሚይዘውን ቀጭን የሽቦ መቆለፊያ ከመንካትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡት፤ እንዴት እንደተጠለፈ ማስታወስ ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። መቆለፊያውን ጫን አድርገው ወደ ጎን ሲያወጡት ይለቃል፤ አሮጌውን አምፖልም ቀጥ አድርገው ያውጡ። ኤች11፣ ኤችቢ3 እና ኤችቢ4 መቆለፊያ ስለሌላቸው ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ ሲዞሩ ይወጣሉ።

አዲሱን በንጹሕ ጓንት ወይም ከመቀመጫው ብቻ ይያዙት። የጣት ቅባት በጋለ ብርጭቆ ላይ ሲቃጠል ያን ቦታ ለይቶ ያግለዋል፣ ብርጭቆውንም ያዳክመዋል፤ ሳያስቡት ከነኩት ከማብራትዎ በፊት በአልኮል በደንብ ይጥረጉት። ኤች4 ሦስት ጆሮዎች አሉት፤ ሰፊው ወደ ላይ ሆኖ ሦስቱም በየቦታቸው ካልገቡ አምፖሉ ይንጋደዳል፣ ጨረሩም ይበላሻል። መቆለፊያውን ከመመለስዎ በፊት አምፖሉን በቀስታ ወዝወዝ አድርገው አለመነቃነቁን ያረጋግጡ። የጎማ ሽፋኑንም ክፍተት ሳይተዉ በደንብ ያልብሱት፤ ክፍተት ካለው እርጥበት ገብቶ አንፀባራቂውን ይበላል።

አቅጣጫውን ማስተካከል

አምፖል በተቀየረ ቁጥር ይህ ሥራ መከተል አለበት። ደልዳላ መሬት ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀት ላይ መኪናውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። የጎማዎቹ አየር ትክክለኛ ይሁን፤ ሰው በሾፌሩ ወንበር ይቀመጥ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የመብራት ከፍታ መቆጣጠሪያ ካለም ዜሮ ላይ ያድርጉት። ከመሬት እስከ መብራቱ መሐል ያለውን ከፍታ ለክተው በግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ፣ ከእያንዳንዱ መብራት ትይዩ፣ ምልክት ያድርጉ።

አጭሩ መብራት ሲበራ ግድግዳው ላይ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን ሆኖ የሚለይ መስመር ይታያል። የተለመደው ቁልቁለት 1 በመቶ ነው፤ ይህም በ10 ሜትር ርቀት መስመሩ ከምልክቱ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ቦታ ጠቦ በ5 ሜትር ከለኩ 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በመብራቱ ቤት ላይ ሌላ በመቶኛ ተጽፎ ከሆነ እርሱን ይከተሉ። አንዱን መብራት በወፍራም ጨርቅ ለአጭር ጊዜ ከልለው ሌላውን ከጀርባው ባሉት ብሎኖች፣ በአንዱ ላይና ታች፣ በሌላው ግራና ቀኝ፣ በካቻቢቴ ቀስ እያሉ ያስተካክሉ።

በቀኝ መስመር በሚነዳበት አገር መስመሩ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ከፍ ማለት አለበት፤ በግራ በሚነዳበት ደግሞ በግራ። መኪናው በተቃራኒው መስመር ለሚነዳበት አገር ተሠርቶ የመጣ ከሆነ ከፍ የሚለው ጨረር በቀጥታ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ይመታል። ይህን ብሎን በማዞር ማስተካከል አይቻልም፤ ትክክለኛውን መብራት ፈልጎ መግጠም ግድ ነው፤ ለአምፖል ከተያዘው ገንዘብም ቀድሞ ለዚህ መዋል አለበት።

ከቀየሩ በኋላ እስካሁን የሚሠሩትን አሮጌ አምፖሎች አይጣሏቸው፤ በአዲሶቹ ማሸጊያ ውስጥ አድርገው ከአንድ ጥንድ ንጹሕ ጓንት ጋር በመኪናው ኪስ ያስቀምጧቸው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላም ሶኬቶቹን በድጋሚ ነቅለው የመቡነን ወይም የመቅለጥ ምልክት እንደሌለ፣ የማሳው ብሎንም እንዳልላላ ይመልከቱ።